እትዬ ኦቲልያን ማን ይመርጣል?

የትም አገር፣ የትኛውም ፋብሪካ፣ አደጋው ሳይደርስ ቀድሞ የሚጮህ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ በቺሌ አገር ለቺሎዌ ደሴት ዓሣ ማሸጊያ ሠራተኞች ፈጣሪ የመደበልን ክብርት እትዬ ኦቲልያ ካርካሞን ነው።

«ጣት እንደ ሣር መልሶ አይበቅልም!» ይላሉ፣ ቢላዋ የያዘ ሰው ባዩ ቁጥር። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ስንበልት ነው የምንውለው። በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሊደንሱ ሲነሡ፣ «የአደጋ ጊዜ መውጫው በኬክ ተዘግቷል!» ብለው ሙዚቃ አስቁመዋል። የጎረቤታቸው ቀብር ላይ ሬሳ ሣጥኑን የሚያነሡትን፣ «በወገብ አይደለም፣ በጉልበት! ሁለተኛ ቀብር ልታመጡብን ነው?» ብለው ሲቆጡ፣ ቄሱ ሳይቀሩ ጉልበታቸውን አጠፍ አደረጉ።

ታዲያ ባለፈው ወር፣ የጭነት መኪናዎቹ በር ላይ ተደርድረው ሲጠብቁ፣ እትዬ ኦቲልያ መቁረጫ ማሽኑን አጠፉት። የስለቱ መከለያ ወልቆ ነበር።

«ያብሩት!» አለ ሥራ አስኪያጁ ዶን ራሚሮ።

«መጀመሪያ እጅዎን ያስገቡ፣ ከዚያ አበራዋለሁ።»

መከለያው ተገጠመ። ዶን ራሚሮ ግን ወሩ ሲያልቅ ሊያሰናብታቸው እንደሆነ ወሬው ከቢሮ ሾልኮ ደረሰን።

የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ ምርጫ በዚያው ሰሞን ነበር። ግማሾቹን አባላት ኩባንያው ይሾማል፤ ግማሾቹን እኛ በድምፅ እንመርጣለን። ተመራጮቻችን ከመካከላቸው የሚሰይሙትን አንዱን ደግሞ፣ ዘመኑ እስኪያልቅ ማንም ከሥራ እንዳያባርረው ሕጉ ይከልለዋል።

«እሳቸውን መርጠን ሁለት ዓመት ሙሉ ልንነዘነዝ?» አለ ኤላድዮ፣ የዚያን ዕለት ጠዋት እንኳ ባለቀው የጫማው ሶል በእሳቸው ተሰድቦ የገባው።

«ካልመረጥናቸውስ?» አልኩት።

ያንን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ጣቶቹን ዘርግቶ ሲያያቸው አየሁት፤ አዲስ የተሰጡት ይመስል።

ድምፁ ሲቆጠር ከአንድ ወረቀት በቀር ሁሉም ላይ የእሳቸው ስም ነበር። ያቺ አንዷ የራሳቸው ናት። «እኔንማ ማን ይመርጠኛል ብዬ፣ ለኤላድዮ ሰጠሁት» አሉ አፍረው። ተመራጮቹም ከለላውን ለእሳቸው ሰጡ። ዶን ራሚሮ በረዶ ላይ እንደተዘረጋ ሳልሞን አፉን ከፍቶ ቀረ።

በማግስቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ዝናቡ ቆባቸው ጫፍ ላይ ዶቃ ሠርቷል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እጄን በሁለት እጃቸው ሲይዙት፣ ሊያመሰግኑኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን ጓንቴን ወደ ብርሃን አዙረው ቀዳዳ ይፈልጉ ነበር።

አገኙም። እንደዚያን ቀን ስሰደብ ደስ ብሎኝ አያውቅም።