ባለዚፕ ጋቢ

የበደሉኝ እትዬ ደብሬ ናቸው። የልጄ አማት። የበደሉኝም በጓዳ አይደለም፤ ወልድያ ልጄ ቤት፣ በሚካኤል ዝክር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጠላውን ይዞ ጸጥ ባለበት ሰዓት ነው። የልጅ ልጃችን አቤል አንዴ ቢያስል ቀና አሉና፣ «የመርሳ ሰው ብርድን የሚያውቀው በለስላሳ ጠርሙስ ነው፤ ይቺ ሙሉ የተባለች አያቱ ልጁን በብርድ ትጨርሰዋለች» አሉ።

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? በልጅ ቤት፣ እንግዳ ፊት አይኮረፍ። ሳቁ ግን እንደ ገብስ ገለባ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

እስቲ ነገሩን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ። እኔ መርሳ ትንሽ ሱቅ አለኝ። መርሳ ማንጎና ፓፓያ የሚበቅልበት አገር ነው፤ ልጅ በአንድ ካናቴራ ይተኛል። ልጄ ትዕግስት ወልድያ ቢሮ ሥራ ስታገኝ፣ ባሏ ደሳለኝ ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነውና ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ስለሚያድር፣ ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ የዓመት ከመንፈቁን አቤልን ልጠብቅ ወጣሁ። እትዬ ደብሬ ደግሞ ከወልድያ በላይ ከደጋው ናቸው። እሳቸው አገር በታኅሣሥ መሬቱ ውርጭ ለብሶ ይነጋል። እሳቸው ከላይ፣ እኔ ከታች፣ አቤል መሃል።

አቤል ቀን ቀን የተባረከ ልጅ ነው። እንቅልፍ ሲወስደው ግን ብስክሌት ይነዳል። የለበሰውን ሁሉ ይረግጠዋል። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ሦስት ጋቢ ደራረብሁበት። ልጁ በላብ ተጠመቀ። ላብ በላብ ሆኖ ሦስቱንም ረገጣቸው። ጎህ ሲቀድ ጋቢዎቹ መሬት፣ እሱ እንደረጠበ የአልጋው ግርጌ። እንግዲህ በዝክሩ ቀን የተሰማው ሳል ይኸው ነበር። ሐቁን ልናገር፤ ሳሉ የኔ ጥፋት ነው። ግን ጥፋትን ሹክ ማለት ሌላ፣ በጠላ ማወራረድ ሌላ።

እትዬ ደብሬ ከስድቡ በኋላ ሁለት መፍትሔ አመጡ። አንደኛው፣ ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥሎ በምድጃ መኝታ ቤት ማስገባትና በሩን መዝጋት። እዚህ ላይ ድንጋይ ሆንሁ። መርሳ ጎረቤቶቻችን፣ ባልና ሚስት፣ እንዲሁ ከሰል አስገብተው ተኝተው በር ተሰብሮ ነው ራሳቸውን እንደሳቱ የወጡት። ይህን ብነግራቸው፣ «እኛ ከእሳት ዳር አይደል ያደግን?» አሉኝ። «እትዬ፣ የእርስዎ ቤት ሣር ክዳን ነው፤ ጭሱ መውጫ አለው። ይህ ሲሚንቶ ነው፤ የገባበትን አይለቅም» አልኋቸው። ከሰሉን ተዉት። እኔን ግን አልተዉኝም።

ሁለተኛው መፍትሔ ልጁን መውሰድ ነው። «በሚቀጥለው ገበያ ስወርድ አፍንጫውን ረጥቦ ካገኘሁት፣ ይዤው እወጣለሁ። እኛ ዘንድ ባና ለብሶ ይከርማል» አሉ። ባና ማለት ከበግ ፀጉር የሚሠራ ድርብ ልብስ ነው፤ ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ ይቧጥጣል። እስከ መቼ ቢባል እስከ ፋሲካ። ደሳለኝ በስልክ ተጠየቀ። «እናቴ ካለች አለች» ብሎ ዘጋው። ሹፌር አይደለም? የሚያልፍበትን እንጂ የሚያድርበትን ቤት አያውቅ።

እንግዶቹ ሲወጡ ትዕግስት ኩሽና ገብታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። «እማ፣ እንዳይወስዱብኝ» አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከእትዬ ደብሬ ጋር የነበረኝን ጠብ ትቼ ከብርድ ጋር ተጣላሁ።

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ልበል። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርሁት ሱቅ ውስጥ፣ ስኳር ከምጠቀልልበት አሮጌ ወረቀት ላይ ነው። ስንቱን ታሪክ መሃሉ ላይ ትቼዋለሁ መሰላችሁ፤ መጨረሻው ከደንበኛ ስኳር ጋር ይሄዳላ። ስለዚህ ዛሬም የተለጠፈ ወረቀት ሳላነብ አላልፍም። አቤልን ለሳሉ ጤና ጣቢያ ስወስደው ግድግዳው ላይ ወረቀት አገኘሁ። የሕፃን እጅ ቢቀዘቅዝ አትደንግጡ፣ ማጅራቱን ዳስሱ ይላል። ማጅራቱ ከሞቀ ልጁ ሞቆታል፤ ካላበው አብዝታችሁበታል፣ ቀንሱለት ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም ሆንሁና ያዝሁት።

አሰብሁ። ልጁ ከጋቢው የሚሸሽ ከሆነ፣ ጋቢው ከልጁ ጋር መሄድ አለበት። ከሦስቱ ጋቢዎች ለስላሳውን ይዤ በረንዳ ላይ ወደሚሰፉት ልብስ ሰፊ፣ አያ ሰዒድ ጋ ሄድሁ። ታቹ ዝግ፣ ላዩ አንገትና ሁለት ክንድ የሚያስወጣ አድርገው እንዲሰፉልኝ ነገርኋቸው።

«ስንት ኪሎ ይያዝ?» አሉኝ።

«አሥራ አንድ።»

«ጤፍ ነው ሽሮ?»

«ልጅ ነው።»

እግራቸው ፔዳሉ ላይ ቆመ። «ወላሂ እህቴ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስሰፋ ሰው ቋጥሬ አላውቅም» አሉ። ሰፉልኝ ግን።

የመጀመሪያው ታቹ ጠበበ። አቤል ሊቆም ሞክሮ ተንከባለለና እሪ አለ። አንድ ቀን ከሳምንቱ ሄደ። አስፍቼ፣ ከደሳለኝ አሮጌ ጃኬት ዚፕ ነቅዬ ከፊት ለፊት አስገባሁ። ጠዋት በሩን ብከፍት አቤል በካናቴራ ተቀምጦ፣ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ዚፑን ወደላይ ወደታች እየጎተተ ይስቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አፍንጫውም ትንሽ ረጠብ ብሎ ነበር፤ ትዕግስት አይታው ቁርሷን ተወች።

ተስፋ እቆርጣለሁ? ካፈርሁ አይመልሰኝ ብዬ ሦስተኛ ጊዜ ሄድሁ። አሁን በረንዳው ላይ የሚውለው ሰው ሁሉ ነገሩን ይዞታል። ሻይ የሚጠጣው የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ከሩቅ፣ «እትዬ፣ አመለጠ ወይስ ተያዘ?» ይለኛል። «አመለጠ» አልሁ። አያ ሰዒድ ዚፑን ነቅለው ወደ ጀርባ አዞሩትና፣ «ይህንንም ከከፈተው ልጅሽ መካኒክ ነው፤ ወደ ጋራዥ ውሰጂው» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት በረንዳው ሳይጠይቀኝ፣ «ተይዟል» ብዬ አለፍሁ። ያጨበጨበም ነበር። ብስክሌቱን እንደሆነ አቤል አሁንም ይነዳል፤ ብቻ ጋቢው አብሮት ይሄዳል። ማጅራቱ ሙቅ፣ ደረቅ። በሦስተኛው ቀን አፍንጫውም ደረቀ። ጎረቤት «ጆንያው» ብሎ ስም አወጣለት። ይበሉት። በጆንያ ስንት የከበረ እህል ያድራል።

የገበያ ቀን ደረሰ። እትዬ ደብሬ ባናቸውን በጀርባቸው አዝለው ገቡ። ሰላምታ ሳይጨርሱ የአቤልን አፍንጫ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ነጠላውን አዩት። ምንም የለም። «ቀን የማን አፍንጫ ይረጥባል? አድሬ አያለሁ» አሉ።

ማታ ስናለብሰው ደግሞ፣ «ልጄን እንደ ምስር ቋጠርሽው?» አሉኝ። እጁን ያዝ አድርገው፣ «ይኸው፣ በረዶ» አሉ። እኔ ነገር አላበዛሁም። እጃቸውን ይዤ ማጅራቱ ላይ አስቀመጥሁት። «ማጅራት መች ብርድ ያውቃል» ብለው አልጋው ላይ ከጎኑ ወጡ። እኔ ሳሎን ፍራሽ አንጥፌ ተኛሁ።

ጠዋት በሩን ከፈትሁ። አቤል በጀርባው ተንጋሎ፣ ጋቢው እስከ አንገቱ፣ ማጅራቱ ፀሐይ እንደዋለበት ድንጋይ ሞቋል። ባናው መሬት ላይ ወድቋል። እትዬ ደብሬ በነጠላ ብቻ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ለካስ ሌሊቱን ሙሉ ባናውን ልጁ ላይ ሲጥሉ፣ እሱ ሲረግጠው፣ ወርደው አንስተው እንደገና ሲጥሉ ነው ያነጉት። እርስዎስ ለምን አልለበሱትም ብላቸው፣ «ልጁ ሳይለብስ እኔ ልልበስ?» አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሰው እንዲህ የሚወደውን ነው ለካ የሚቀማው። ዝንጅብል ያለው ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው፤ ባናውን አንስቼ ትከሻቸው ላይ ጣልሁ። ትዕግስት ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሥራ ረፍዶባታል፣ መሄድ ግን አልቻለችም። የዝክሩ ለት የሳቁት ሁለት ጎረቤቶችም፣ እንደምን አደራችሁ በሚል ሰበብ ፍርዱን ሊሰሙ ገብተዋል።

እትዬ ደብሬ አቤልን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። አፍንጫውን ጠረጉ፣ ነጠላውን አዩ፣ ገልብጠውም አዩ። ደረቅ። «እንግዲህ ይሁና» አሉ፣ «ልጁ እዚሁ ከእናቱ...» ብለው ሳይጨርሱ አስነጠሱ። ደገሙ። ሠለሱ። በዚያው ነጠላ የራሳቸውን አፍንጫ ጠረጉ።

ትዕግስት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። እኔም አንቱታዬን ሳላጎድል፣ ድምፄን ሳላነሳ እንዲህ አልኋቸው፦ «እትዬ ደብሬ፣ አፍንጫዎ ረጥቧል። ይዤዎት መርሳ ልውረድ?»