አያ ሞላ ሲጋራ የተወበት ምክንያት

በተሳሳተ ምክንያት ደግ ነገር የሚሠራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ አያ ሞላ እንዲያ ነው። ሴቶች ብቻ ወልዶ ወንድ ሲመኝ፣ «ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ወንድ ልጅ አይወልድም» የሚል ወሬ ወረታ ገበያ ላይ ሰማ። እኔ አጫሹ ወንዶች ብቻ መውለዴን እያየ እንኳ ወሬውን አመነና፣ ሚስቱ ገና ሳታረግዝ ሲጋራውን እርግፍ አድርጎ ተወ። በምትኩ የሩዝ አገዳ ሲያኝክ ከረመ፤ የፎገራ ሩዝ በእሱ ጥርስ ሊያልቅ ነው ብለን ሰጋን እኮ!

ሚስቱ የወለደች ለት ደጃፍ ቆመን እልልታውን ቆጠርን። ለወንድ ሰባት ነው፤ ሦስት ላይ ቆመ። ሴት ናት። ላጽናናው ብዬ ሲጋራ ዘረጋሁለት።

አያ ሞላ አፈጠጠብኝ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ሴት ናት ብዬ ላጨስባት ነው?»