ገለልተኛው የለውዝ አጥኚ

ሰው ስለ ልቡ ማሰብ የሚጀምረው ዳገት ሲወጣ ነው። እኛ ጉለሌዎች ደግሞ ሰፈራችን ሁሉ ዳገት ስለሆነ ስለ ልብ ከማንም ቀድመን እናስባለን።

ባለፈው የእድራችን ስብሰባ ላይ ጋሼ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልካቸውን እያነበቡ፣ ለውዝ ለልብ ፍቱን መሆኑን ፈረንጆች በጥናት እንዳረጋገጡ አበሰሩን። ስለዚህ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከሻይ ጋር የምናዞረው የገብስ ቆሎ ቀርቶ ለውዝ ይሁን አሉ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። የአባላቱ ዕድሜ ቢረዝም ከእድር የበለጠ ማን ያተርፋል?

ዳሩ ግን ቆሎውን ለእድሩ የሚቆሉት እትዬ ዘነበች ከኋላ ተቀምጠዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው የሚተዳደረው በዚሁ ትእዛዝ ነው። ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ያን ጊዜ አላስችል አለኝና ተነሥቼ፣ ለመሆኑ የጥናቱን ወጪ የቻለው ማነው ብዬ ጠየቅኩ። ጋሼ ታደሰ ስልካቸውን ወደ ታች ቢገፉት፣ ቢገፉት፣ መጨረሻው ላይ በደቃቅ ፊደል የለውዝ አምራቾች ማኅበር ተገኘ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። አንዱ ከጥግ፣ «ታዲያ ባለ ለውዝ ለውዙን ይርገመው?» አለ።

በእኛ እድር ጥያቄ የጠየቀ ሰው ሥራው ይሰጠዋል። እዚያው ገለልተኛ አጥኚ ሆኜ ተመረጥኩ።

ገለልተኝነት ከባድ ሸክም ነው። በማግስቱ ከቁስቋም ስወርድ ለውዝ ነጋዴው ብርሃኑ ከሱቁ ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሳይቀምሱ ጥናት አለ እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀመስኩ። አንድ ጭብጥ ለማስረጃ አይበቃምና ደገምኩ። ለባለቤቴም በወረቀት ጠቀለለልኝ፤ የሴቶችን ልብ የዘነጋ ጥናት ምን ጥናት ነው? እኔ ግን አልተደለልኩም። ለውዙን የወደድኩት ስለሚጣፍጥ እንጂ ስለተሰጠኝ አይደለም። እነዚያ ፈረንጆችም እንዲሁ ብለው ይሆን ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ ብርሃኑ በጨው የታሸውን ሲያቀርብልኝ ሐሳቤ ተቋረጠ።

ሚዛናዊ ለመሆን እትዬ ዘነበች ዘንድም ሄድኩ። እጄን ወደ ሰፌዱ ስሰድ፣ «ተው ልጄ፣ ይሄ የእድሩ ነው። ካማረህ ሰው እስኪሞት ጠብቅ» አሉኝ። ስለ ገብስ በቂ መረጃ ያላገኘሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሪፖርቴን አቀረብኩ። ለውዝ እጅግ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ገብስን በተመለከተ ምንም ማለት አይቻልም፤ ቁርጡን ለመናገር ግን ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል። ጥናቱ እንዴት እንደሚካሄድ ተጠየቅኩና ከብርሃኑ ሱቅ ጀምሬ አስረዳሁ። ወዲያው አጥኚ ለመሆን ያልወጣ እጅ አልነበረም፤ ቀድመው ያወጡት ጋሼ ታደሰ ናቸው። ኮሚቴው ሰፋ። ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ድረስም የገብሱ ቆሎ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

እትዬ ዘነበች በር ላይ ጠብቀው ጉንጬን ሳሙኝ። «አደራ ልጄ፣ እንዳትቸኩሉ» አሉኝ።

ቸኩለንም አናውቅ። ትናንት ብርሃኑ፣ ፊቱ ትንሽ ከስቷል፣ ውጤቱ መቼ ነው የሚወጣው ብሎ ጠየቀኝ። ሳይንስ ጥድፊያ አይወድም አልኩት፤ አፌ ሙሉ ስለነበረ ግን የሰማኝ አይመስለኝም።