የከበደ ልጅና የእንግሊዝ ታሪክ

በጓደኛችሁ ልጅ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቀንቻለሁ። የከበደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዘመናዊ እንግሊዝን ታሪክ አጠናለሁ ስትል፣ «እንግሊዞቹ ራሳቸው አያውቁትም?» እያልኩ እዚህ አሜሪካ ያለውን የሲልቨር ስፕሪንግ አበሻ ሁሉ አስቄበታለሁ። የኔዋ ፋርማሲስት ናታ!

ባለፈው እሁድ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ለቅሶ ቤት የከበደ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። የእንግሊዝ ከሰል ቆፋሪዎች እንዴት አድማ እንደመቱ አጫወተችኝና፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ ታክሲ ሲነዱ አድማ መትተው ያውቃሉ?» አለችኝ። «እርስዎ» ማለት እንኳ ታውቃለች! ሃያ ዓመት ስነዳ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ለቅሶ ቤት መሆኔን ረስቼ ሁለት ሰዓት ለፈለፍኩ። እሷ ትጽፋለች። ከበደ ከማዶ ሲያየን፣ ጥጋቡ!

ቤት ስገባ የኔዋም ጠየቀችኝ፤

«ዳዲ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ?»