«አይቼዋለሁ!» ባዩ ዶን ፕላሲዶ

ፊልም በሚታይበት ቦታ ሁሉ፣ ፊልሙን ቀድሞ ያየ አንድ ሰው አይጠፋም። መብራት የሌለው ሰፈር ሞልቷል፤ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን ገና አልተቆረቆረም። በሳንቲያጎ ከተማ ለምንኖረው ለእኛ የደረሱን ክቡር ዶን ፕላሲዶ ናቸው፦ ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ፣ የሲኒማ ሊቀ ሊቃውንት።

እሁድ አመሻሽ ላይ ባለሱቋ ሜርሴዲታ ግድግዳዋ ላይ አንሶላ ወጥራ ፊልም ታሳያለች፤ እኛም የፕላስቲክ ወንበራችንን ተሸክመን እንመጣለን። ዶን ፕላሲዶ መሃል ላይ ተሰይመው ገና ርዕሱ ሳይነበብ «አይቼዋለሁ!» ይላሉ። በቃ፣ አለቀልን። ገዳዩን የሚነግሩን ሟቹ ቁርሱን ሳይጨርስ ነው። እኔ ደግሞ ኃጢአቴ በዝቶ ወንበሬ ሁልጊዜ ከጎናቸው ነው። አንድ ቀን ሲዋሹ እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ስንት ዓመት አድብቻለሁ!

ያለፈው እሁድ የሁለት ፖሊሶች ፊልም ነበር። አንዱ ቀጭንና ሕግ አክባሪ፣ ሌላው ድቡልቡልና ቀውስ፤ ተኩሱም ሳቁም የተትረፈረፈ።

«የዚህ ፊልም ጥንካሬው ስድቡ ነው» አሉ ዶን ፕላሲዶ። «ሁለቱ ሲሰዳደቡ ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖሩ ነው የሚመስሉት። ድክመቱ ሽጉጡ! ጥይት የማያልቅበት ሽጉጥ የት አገር አለ? አለቅየውም ከመጮህ በቀር ሥራ የለው።»

«ኧረ ዶን ፕላሲዶ፣ በእናትዎ ያሳዩን!» አለች ሜርሴዲታ።

«እዩ፣ ማን ከለከላችሁ?»

ድቡልቡሉ ተመትቶ ወደቀ። ቀጭኑ እየጮኸ ወደሱ ሲሮጥ መብራት እልም! እንደ ደንባችን ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «ሄደ!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ያልታሰበ ነገር መጣ። የስንቱን ፊልም መጨረሻ ያበላሹብን ሰውዬ ተለመኑ።

«ዶን ፕላሲዶ፣ ሞተ እንዴ? እርስዎ አይተውታል፣ ይንገሩን እንጂ!»

 ዶን ፕላሲዶ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ጉልበቴን ጨበጥ አድርገው «ያኔ ሳየውም እዚሁ ጋ ነው መብራት የሄደብኝ» አሉኝ በሹክሹክታ። «እባክህ እንዳታዋርደኝ። ሰፈር ውስጥ ያለችኝ ስም ይቺው ናት።»

እጅ ከፍንጅ! አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ለእኔ ያኔ እንደነገሩኝ ይንገሯቸው» የሚል ሆነ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀጭኑ ተንበረከከና ‹አንተ በርሜል፣ ይሄን ሁሉ ሥጋ አልፎ ጥይቱ እንዴት ልብህን አገኘው?› አለው። ድቡልቡሉ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ‹መች አገኘው? ስቡ ውስጥ መንገድ ጠፍቶበት እየዞረ ነው!›»

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ።

«ከዚያ ሆስፒታል ወሰደው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ተኝቶ እንዳይቀርበትም እስኪነጋ ሲሰድበው አደረ።»

ሜርሴዲታ ተንሰቀሰቀች። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ዓይኔን ጠረግኩ።

«መጣ!» አለ ሰፈሩ፤ መብራቱ ተመልሶ ፊልሙ ካቆመበት ቀጠለ። ድቡልቡሉ ልብሱን አራግፎ ብድግ አለ፤ ለካ ጥይት መከላከያ ለብሷል! ከንቲባው ለሁለቱም ሜዳሊያ አጠለቁላቸው። ስድብ የለ፣ ሆስፒታል የለ።

ሕዝቡ ወደ ዶን ፕላሲዶ ዞረ። አንገታቸው ትከሻቸው ውስጥ ገባ።

ብድግ አልኩ። «ቅጂው የተበላሸ ነው! አጥፊልን!»

«አንተ ደግሞ በምን አወቅክ?» አለች ሜርሴዲታ።

«አይቼዋለሁ!» አልኳት።