የፈረስ ሕክምና በማይ ተመናይ

(አስመራ፣ ማይ ተመናይ ሰፈር፣ ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት። ዓንደማርያም እስከ ትናንት ጋሪ ነጂ ነበር፤ ዛሬ ነጭ ጋዋን ለብሶ በግቢው በር ላይ «የፈረስ ሕክምና» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ኣስፋው ልብስ ሰፊ ነው። ደም ግፊት ጥሎት ቀኝ እግሩ ከሰነፈ ወዲህ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቅቶታል። ምርኩዙን ይዞ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፈረሱ አጠገባቸው ቆሞ ያንቀላፋል።)

ዓንደማርያም፦ አፍህን ክፈት አልኩህ።

ኣስፋው፦ ያመመኝ እግሬ ነው፣ ሓወይ ወንድሜ።

ዓንደማርያም፦ እግር ከጥርስ ነው የሚጀምረው። ይህን የማያውቅ ነው ሐኪም ቤት የሚሰለፈው። ክፈት።

ኣስፋው፦ (ይከፍታል) ኣኣኣ።

ዓንደማርያም፦ (አጎንብሶ እየቆጠረ) ዕድሜህ አሥራ ሁለት ነው።

ኣስፋው፦ ሃምሳ አራት ሞላኝ እኮ።

ዓንደማርያም፦ ጥርስህ አሥራ ሁለት ይላል፤ እኔ የማምነው ጥርስን ነው። አሁን እግርህን ወደ ኋላ አንሳና ጉልበቴ ላይ አስቀምጥ።

ኣስፋው፦ እሱ ቢነሳልኝ እዚህ ምን አመጣኝ?

ዓንደማርያም፦ (ራሱ አንስቶ ጫማውን በመዶሻ መታ መታ እያደረገ) ሰኮናው ደህና ነው።

ኣስፋው፦ ሶላው ነው።

ዓንደማርያም፦ ያው ነው። ብረት እንምታበት?

ኣስፋው፦ ባይመታ ደስ ይለኛል። ፈረሱ ላይ የምወጣው መቼ ነው?

ዓንደማርያም፦ ምን አስቸኮለህ? ስትወጣ እሱ ይራመዳል፣ ያንተ እግር ከላይ ሆኖ እያየ ይማራል።

ኣስፋው፦ በየት በኩል ቆመህ ነው የምትደግፈኝ?

ዓንደማርያም፦ በምትወድቅበት በኩል።

ኣስፋው፦ እሱስ ቢደነግጥ?

ዓንደማርያም፦ ማን፣ ፈረሴ ፒያኖ? የከተማው ማኪና ሁሉ ተሰብስቦ ጡሩምባ ቢነፋበት ጆሮውን አያነሳም።

(ኣስፋው ምርኩዙን ከእጁ ይለቀዋል፤ ሲሚንቶው ላይ ጓ ብሎ ይወድቃል። ፈረሱ ዓይኑን እንኳ አይገልጥም።)

ኣስፋው፦ ይቅርታ፣ አመለጠኝ። እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ፓተንተ፣ ማለቴ ፈቃድ አለህ?

ዓንደማርያም፦ የጋሪው?

ኣስፋው፦ የሰው።

ዓንደማርያም፦ እወ። (ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል) ሦስት ቀን ሙሉ ተምሬበታለሁ። እኔ ሳነበው ሆዴ ይባባል፣ አንተ አንብበው።

ኣስፋው፦ (እያነበበ) «የፈረስ ሕክምና። ትል ማስወረድ፣ ሰኮና መሞረድ።»

ዓንደማርያም፦ ሰማህ? የፈረስ ሕክምና። ባሕር ማዶ ሽባ ያስነሳል ብሎ ራዲዮው ያወራው ይሄንኑ ነው።

ኣስፋው፦ ይሄ እኮ ፈረሱን ማከም ነው።

ዓንደማርያም፦ ኣይፋል። የፈረስ ሕክምና ማለት በፈረስ ማከም ማለት ነው።

ኣስፋው፦ እንግዲያው የጥርስ ሐኪም የሚያክመው በጥርሱ ነው?

ዓንደማርያም፦ (ጥቂት አስቦ) እንደ ሐኪሙ ነው።

ኣስፋው፦ የሕፃናት ሐኪምስ? ሕፃን ነው?

(ዓንደማርያም ፈረሱን ያያል። ፈረሱም አያግዘውም።)

ኣስፋው፦ ስማኝ ሓወይ፤ ስፌት ያስተማረኝ ጌታዬ መቀስ ከማስያዙ በፊት ሦስት ዓመት ቁልፍ ሲያስተክለኝ ኖሯል። ያውም ለጨርቅ። ጨርቅ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ ይቺን እግር ከየት እገዛለሁ? መኪናዬ ከቆመ ሰባት ወሩ ነው።

ዓንደማርያም፦ (ጋዋኑን እያወለቀ) ታዲያ ከሓዝሓዝ ሰፈር እያነከስክ ምን አመጣህ?

ኣስፋው፦ ሐኪም ቤት ያለችው ሲስተር ኣምለሰት ላከችኝ። ጣልያን አገር ሁለት ዓመት ይሄንኑ ተምራ መጥታለች። በፈረስ ጀርባ ላይ ወገብና እግር ታሠለጥናለች፤ ወረቀቷን አንብቤዋለሁ። የጎደላት ረጋ ያለ ፈረስ ነው። እኔም ተራዬ እስኪደርስ ከምቀመጥ ብዬ ፍለጋ ወጣሁ።

ዓንደማርያም፦ እና ያ ሁሉ ጥያቄ...

ኣስፋው፦ ፈተና ነበር።

ዓንደማርያም፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አለፍን?

ኣስፋው፦ አንተ ልጓም አያያዝ ትማራለህ። ስድስት ወር ነው።

ዓንደማርያም፦ ዋእ፣ ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን ልጓም? ፒያኖስ ስንት ወር ሊማር ነው?

ኣስፋው፦ እሱ ሰኞ ሥራ ይገባል። ዛሬ ተመርቋል።