ክቡር ያዋጣልና አምስተኛው ቅዳሜ

በየሰፈሩ አንድ ሚዛን የዋጠ ሰው አይጠፋም። ታውቁታላችሁ። ሱቅ በር ላይ አንዱን ጃንጥላ ሲዘረጋና ሲያጥፍ ዝናቡ አባርቶበት ሳይገዛ የሚሄደው እሱ ነው። ወረፋ ላይ ከፊታችሁ ከቆመ ወረፋ ቀይሩ፤ ሻጩን የሚጠይቀው ገና ብዙ አለው። ክፉ ሰው አይደለም። ቋጣሪም አይደለም፤ ቋጣሪ መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቅ «አይሆንም» ብሎ ይገላገላል። ይህኛው ግን ከልቡ ነው የሚያስበው። ጣጣውም እዚያ ላይ ነው።

ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ኖራለች። ባሏ ቀያሽ ነበር። መንገድ ሳይሠራ፣ ሕንፃ ሳይቆም አስቀድሞ ይደርስና ባለሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ቤት ሲገባም ያ የተጨፈነ ዓይን በደንብ አይከፈትም ነበር። ማንኪያም ይሁን መኪና፣ ከመግዛቱ በፊት «ያዋጣል ወይ?» ይልና ወረቀት ያወጣል። ጎረቤት ተሰብስቦ «ክቡር ያዋጣል» የሚል ማዕረግ ሰጠው፤ ክቡርነታቸውም አልተቀየሙም።

ማቀዝቀዣ ለመግዛት አሥራ አራት ወር አጥንቷል። ጥናቱ ሲጠናቀቅ ያ ዓይነቱ ማቀዝቀዣ መመረት አቁሞ ነበር። ሙሉ ልብስ ለማሰፋት ደግሞ በቀሪ ዕድሜው ስንት ሰርግና ስንት ቀብር እንደሚገጥመው ደመረና «ሃያ ሁለት ከሞላልኝ ያዋጣል» አለ። ከዚያ ወዲህ የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ በሄደ ቁጥር ሚስቱ በጥርጣሬ ታየዋለች።

እሷን ራሷን ለትዳር የጠየቃትም እንደዚያው ነው። «ዓመት ከስድስት ወር አስቤበታለሁ» አላት፣ መንገድ ዳር ቆመው።

«እና?»

«ያዋጣል።»

እየሳቀች ቤቷ ገባች። በሩን ዘግታ ግን አለቀሰች፤ ይህን ያህል ጊዜ ወስዶ ስለ እሷ ያሰበ ሰው ገጥሟት አያውቅም ነበር።

ጡረታ ሲወጣ የሚለካው መሬት አጣና ወደ እሷ ዞረ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ እስከ ስፌት መኪናው ያለውን እርምጃ ቆጥሮ ጠረጴዛውን አዞረው። ክሮቿን በቀለማቸው ሳይሆን በሚፈለጉበት ብዛት ደረደረላት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሰማያዊ ክር ጠፍቶባት ስትተራመስ ዋለች። አንዲት የባንክ ሠራተኛ የካፖርቷን ገበር ልታስቀይር ስትመጣ ደግሞ ከጥግ ሆኖ፣ «እመቤቴ፣ ይሄ ካፖርት አዲስ ገበር አያዋጣውም» አላት። ሴትየዋ ካፖርቷን አጥፋ፣ ደህና ዋሉ ሳትል ወጣች።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ። «የምትሄድበት ካልፈለግህ እኔ ጥዬልህ እሄዳለሁ።»

በዚያው ሳምንት ጥርስ ሐኪሙ ደወለ። ከቀያሹ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው። ሐኪሙ ሚስቱን ከቀበረ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ክሊኒኩንም «እጄ ደከመ» ብሎ ዘግቷል። ከተማው ዳር ባለ አንድ የጎልፍ ክለብ ግን የሃያ ዓመት አባል ነው።

«ቅዳሜ ናልኝ፣ እንግዳዬ አድርጌ አስገባሃለሁ» አለው።

የክለቡ ደንብ ግልጽ ነው። አባል አንድን እንግዳ በዓመት አራት ጊዜ ይዞ መግባት ይችላል። በአምስተኛው እንግዳው ወይ አባል ይሆናል፣ ወይ ደጅ ይቀራል። የአባልነቱ ክፍያ ደግሞ የቀያሹን የአራት ወር ጡረታ እልም ያደርገዋል። እንግዲህ ክቡርነታቸው ወረቀት አወጡ።

ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር እንዲያዋጣ ጸለየች።

«በዓመት ሃምሳ ሁለት ቅዳሜ አለ» አላት ከሁለተኛው ቅዳሜ በኋላ፣ የምሳውን ጠረጴዛ በወረቀት ሸፍኖ። «አሥራ አምስቱን ዝናብ ይወስደዋል። ለቀብር ስድስት…»

«ስድስት? ማንን ልትገድልብኝ ነው?»

«አማካይ ነው። አሁን ወደ ምቱ እንምጣ። ደህና ተጫዋች ዘጠኙን ጉድጓድ በአርባ ምት ይጨርሳል። እኔ ባለፈው መቶ አሥራ ሦስት መታሁ። ስለዚህ ለአንድ ምት የምከፍለው እሱ ከሚከፍለው ሲሶ ያህል ነው። ርካሽ ነው። ችግሩ፣ እየቻልኩ በሄድኩ ቁጥር እየተወደደብኝ ይሄዳል።»

«እንግዲያው አትቻል!»

«ቀልድ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም። ሐኪም ተራመድ ብሎሃል። ሳር አለ፣ ንጹሕ አየር አለ፣ ጓደኛህ አለ…»

«አየርና መንገድ በነፃ ይገኛል» አለ፣ እርሳሱን እየቀረጸ።

ከሦስተኛው ቅዳሜ በኋላ ፍርዱ ወጣ። አንድ ሐሙስ፣ እሷ እጅጌ ስትገጥም፣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«አያዋጣም» አለ።

«እንደገና ሥራው።»

«ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። አራተኛዋ ቀን ግን የተፈቀደች ስለሆነች አትባክንም።»

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» አለች። እንዲህ ያጓጓትን ነገር ሳይዘጋባት በፊት በዓይኗ ልታየው ፈለገች።

ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሙን ከቤቱ ወሰዱት። በሩ ላይ፣ አንድ እጁን ከግንቡ ሳያነሳ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ክለቡ እሷ እንዳሰበችው አልሆነም። ቀለሙ የለቀቀ ዝቅ ያለ ሕንፃ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ የቀድሞ ሊቀመንበሮች ፎቶ፤ ከበስተጀርባው ግን ዓይን እስኪደክም የሚሄድ አረንጓዴ ሜዳ። ሻይ ቤቱ ውስጥ እንድትጠብቅ ቢነግሯትም አብራቸው ሄደች።

ሐኪሙ ዱላውን ያዘ፤ እግሩን አስተካክሎ ሰነዘረ። ኳሷ ጥርት ያለ ድምፅ አሰምታ ተወነጨፈች። ይሄ እጅ ነው የደከመው? አለች በልቧ። ከዚያ አንድ ነገር አየች። ሐኪሙ ኳሷን በዓይኑ አልተከተላትም። ፊቱን ወደ ባሏ መልሶ ጠበቀ።

ቀያሹ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «መቶ ስልሳ ሁለት ሜትር። ትንሽ ወደ ግራ፣ ከዛፉ ወዲህ።»

«እዚያ የተተከለው ምልክት ግን መቶ ሃምሳ ይላል» አለች።

«ምልክቱ ተሳስቷል።»

ቀያሹ ግማሽ እርምጃ እየቀደመ መንገድ ጀመሩ። የሄዱበትን ሁሉ እየኮነነ ነበር። «ምን ዓይነት አሠራር ነው? መሬቱ እዚህ ላይ ይሰምጣል። ይሄንን ድንጋይ በቀኝ በኩል ማን አስቀመጠው? ቦይም ቆፍረዋል፣ አንድ እርምጃ ሙሉ፣ ክዳን እንኳ የለውም!» ልብስ ሰፊዋ በሰው ቦታ አፈረች። ዝም በል ልትለው አፏን ስትከፍት ዓይኗ የሐኪሙ እግር ላይ አረፈ። «ይሰምጣል» ሲባል እግሩ ለዘብ ይላል። «ድንጋይ» ሲባል ወደ ግራ ያደላል። «ቦይ» ሲባል አንድ እርምጃ ሙሉ ይዘረጋል።

አፏን ዘጋች። እስከ ዘጠነኛው ጉድጓድ ድረስ የሐኪሙን እግር እያየች ተከተለቻቸው።

ሐኪሙን ቤቱ አድርሰው ሲመለሱ፣ መኪናው ውስጥ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ዓይኑ።»

ቀያሹ ማርሽ ቀየረ። «ክሊኒኩን ከመዝጋቱ በፊት ይመስለኛል። መሃሉ ጠፍቶበታል፤ ዳር ዳሩን ነው የሚያየው። ፊቴን ማየት ሲፈልግ ወደ ጆሮዬ ይመለከታል።»

«ነገረህ?»

«አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።»

«ሌሎቹ ተጫዋቾች አያውቁም?»

«እንዳያውቁበት ብሎ ከእነሱ ጋር መጫወት ትቷል። እኔ ካልመጣሁ ቅዳሜን ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚውለው።»

«ታዲያ እንዴት አያዋጣም ትላለህ?»

መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። «እኮ የት ላስገባው? በየትኛው ረድፍ? አንዴ ቁጥር ሰጥቼ ልደምረው ሞከርኩ… አፈርኩ። ጻፍኩትና አፈርኩ። ሰረዝኩት። እሱ ሲሰረዝ ደግሞ ሒሳቡ አያዋጣም ይላል።»

ይህን ሰው በዚህ ሁሉ ዓመት ቁጥር ሲያሸንፈው አይታ አታውቅም። እጇን እጁ ላይ አሳረፈች።

«እንግዲያው አትደምረው» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሄዶ ከፈለ። ቅናሽ አልጠየቀም፤ በሁለት ጊዜ ልክፈልም አላለም። ደረሰኙን ተቀብሎ ኪሱ ከከተተ በኋላ ግን የክለቡን ጸሐፊ፣ «ከርቀት ምልክቶቻችሁ ሦስቱ ስህተት ናቸው» አላት።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም» አለች ጸሐፊዋ።

«ማንም ለክቶ ስለማያውቅ ነው።»

አምስተኛው ቅዳሜ መጣ፣ ስድስተኛውም፣ አርባኛውም። ልብስ ሰፊዋ በቅዳሜ ቀን ብቻዋን፣ ክሮቿን በቀለማቸው ደርድራ መስፋት ጀመረች። የባንክ ሠራተኛዋም ካፖርቷን ይዛ ተመለሰች። ቀያሹ ከመቶ አሥራ ሦስት ወደ ሰማንያ ሁለት ወረደ። ዓመቱ ሲዞር ወረቀት ሳያወጣ ሄዶ አደሰ፤ ሚስቱም እንዳላየች ሆነች። የሐኪሙ ዓይን ግን አልታደሰም። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ዳር ዳሩም ጨለመበት። እሱም አልተናገረም፣ ሌላውም አልጠየቀም። ቀያሹ በሜዳው ላይ ያለው ቅሬታ ብቻ እየበዛ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቀዝቃዛ ንፋስ ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ የሁለቱን ሹራብ ይዛ ሻይ ቤቱ ጋ ደረሰች፤ ሳይጨርሱ እንዳይበርዳቸው ብላ በሳሩ ላይ ወደ ዘጠነኛው ጉድጓድ ወረደች። ባሏ ጀርባውን ሰጥቷታል።

«አራት ሜትር ከሃያ» ሲል ሰማችው። «መጨረሻው ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል።»

ሐኪሙ ትከሻውን አለዝቦ ኳሷን ነካ አደረጋት። ኳሷ ተንከባለለች፣ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ ከጉድጓዱ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

ቀያሹ ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ አንድ እርምጃ ተራምዶ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረጋት። ጉድጓዱ ውስጥ ወድቃ «ቋ» አለች።

«ገባች» አለ ቀያሹ።

ሐኪሙ ዱላውን ወደ ሰማይ አነሳ፤ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በራ። ልብስ ሰፊዋ ሹራቦቹን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ባለችበት ቀረች። ይህ ሰው ለልጁ ሰርግ የእንግዳ ቁጥር ሲጠየቅ እንኳ «መቶ ሃምሳ ገደማ» ማለት አቅቶት በየስሙ የቆጠረ ሰው ነው።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ቀያሹ እጁን ሊታጠብ ገባ። ሐኪሙ በመዳፉ የብርጭቆውን ሙቀት ፈልጎ አገኘና ወደ እሷ አዘነበለ።

«ባልሽ ውሸት አይችልም፣ አይደል?»

«በፍጹም፣ ዶክተር» አለች፤ ፊቷ ጋለ።

«አዎ፣ አይችልም። ኳሷ ከመግባቷ በፊት አንድ እርምጃ ትሰማኛለች። ሁልጊዜ አንድ እርምጃ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩትም?»

«ከነገርኩት ይተዋላ።» በቀስታ ሳቀ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው አፍ ውስጥ መርፌ ይዤ 'አይዞህ፣ አያምም' ስል ነው የኖርኩት። ሁሉም ያመዋል፤ ሁሉም ደግሞ ያመሰግነኛል። አሁን ተራው የእኔ ነው። አደራ፣ አትንገሪው።»

ቀያሹ እጁን እያደረቀ መጣ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የውጤት ካርዱን አወጣ። «ሐኪም፣ ሃምሳ ስድስት» ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። «እየተሻሻልክ ነው።»

«አስተማሪዬ ጎበዝ ነው» አለ ሐኪሙ።

ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛው ሥር የባሏን ጫማ አየች። ጫፉ ላይ እርጥብ ሳር ተለጥፎበታል። ጎንበስ ብላ በመሐረቧ ጠረገችለት።

«ምን ሆነ?» አላት።

«ምንም» አለች ቀና ብላ፣ ሹራቡን ትከሻው ላይ እያሳረፈች። «ሻይህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል።»